ላስቲኩ ስላልተላጠው ካሜራችን

ለክቡር የዩኒቨርሲቲያችን የፊልም ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ደኅንነት፣ ለቢሮዎ ቁምሳጥንም ሰላም እመኛለሁ። እኔ ሊሊ ኮርሳ፣ የፉሪ ነዋሪና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎ፣ የመመረቂያ ፊልሜን ውድቅ ስላደረጉልኝ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወድጃለሁ።

አንደኛ፣ የክፍላችንን ብቸኛ ካሜራ ከነላስቲኩ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፈው ከአቧራም ከተማሪም ስለጠበቁልን እግዜር ይስጥልን። መምህራችን በቁምሳጥኑ መስታወት በኩል በጣታቸው እያመለከቱ ሌንሱ የቱ እንደሆነ አስተምረውናል። እኛም ሰሌዳ ላይ በጠመኔ በተሳለ ካሜራ ተፈትነን ኤ አምጥተናል።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ኅዳር አያቴ አባባ ሮበሌ የመጨረሻ ጤፋቸውን አጨዱ። ማሳው ለፎቅ ቤት ተሰጥቶ ስለነበር፣ በሀይሌ ጋርመንት መስመር ታክሲ የሚነዱት አጎቶቼ ሳይቀሩ ማጭድ ይዘው ለደቦ መጡ። ለዚያች ቀን ብቻ ካሜራው እንዲወጣልኝ ስንት ጊዜ ደጅ ጠናሁ! እርስዎ ግን ስለ ተግባር ተኮር ትምህርት በተዘጋጀ ዐውደ ጥናት ላይ ሊገኙ ቢሾፍቱ ሲሄዱ ቁልፉን በኪስዎ ይዘውት ሄዱ። ምንም አይደል፣ ቁልፉም አየር መቀየር ያስፈልገዋል። ጤፉ ግን እርስዎ እስኪመለሱ ቆሞ አይጠብቅም፣ ይረግፋል፤ ስለዚህ በስልኬ ቀረጽሁት።

ሦስተኛ፣ ፊልሙን ሳያዩት፣ በክፍሉ ካሜራ አልተቀረጸም ብለው መጣልዎ ጊዜዎን ምን ያህል እንደሚቆጥቡ ያሳያል። በክፍሉ ካሜራ ድጋሚ ካልቀረጽሁ እንደማልመረቅም አስታውቀውኛል። ምኑን ልቅረጽ? ማሳው ላይ ኮንክሪት ፈሶበታል! ተናድጃለሁ፣ ክቡርነትዎ፣ በጣም ተናድጃለሁ፤ ትሕትናውም እዚህ ላይ አለቀብኝ። ያ ፊልም የእኔ ዲግሪ ብቻ አይደለም፤ የአያቴ ማሳ ከእንግዲህ ያለው እሱ ውስጥ ብቻ ነው። ቢያንስ ቁጭ ብለው ይዩት።

አራተኛም ነበረኝ፤ ስጽፈው ስድብ እየሆነ ስላስቸገረኝ ትቼዋለሁ።

ካሜራዎ ላስቲኩ ሳይላጥ ለጡረታ እንዲበቃ ከልብ የምትመኝ፣ በጠመኔ ካሜራ የሠለጠነች ተማሪዎ፣
ሊሊ ኮርሳ
ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ፉሪ

ሳልረሳው፦ ድጋሚ እንድቀርጽ መታዘዜን ለአባባ ሮበሌ ነግሬያቸዋለሁ። ማጭዳቸውን ስለው እየጠበቁ ነው። ፎቁን አስፈርሰው ጤፉን የሚያበቅሉት እርስዎ ስለሆኑ፣ ቀኑን ብቻ እንዲያሳውቋቸው በትሕትና ጠይቀዋል።