የሮሪው ካባና የተገለበጡት ድንጋዮች

ለልጄ ለኢሃያ፣

ብዕሩን የያዘችው እናትህ ሜሬ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የአባትህ ነው። ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቃለህ። እሷ ደግሞ ያልኩትን ማለስለስ ትወዳለች፤ ሻካራው የእኔ ነው፣ ለስላሳውን ለእሷ ተውላት።

እንዴት ከርመሃል? የዌሊንግተን ንፋስ ደረትህን አልጎዳውም? ሚስትህ አኔታስ፣ ያላየኋት ትንሿ ሁያስ ደህና ናቸው? እኛ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን። ስኳር ድንቹ ዘንድሮ ጥሩ ያዘ።

ባለፈው ሳምንት ባሕሩ ሲሸሽ ከእናትህ ጋር ድንጋይ እየገለበጥን ሮሪ ልንለቅም ወረድን። አዲሱ አስተማሪ ቅርጫቴን አይቶ፣ «አባባ፣ ይህን ዛጎል የሌለው ጥቁር ዝልግልግ ነገር ትበላላችሁ እንዴ?» አለኝ። አንዱን አንስቼ ጥቁር ካባውን በአውራ ጣቴ ገለጥኩና ጀርባው ላይ የተኛውን ነጭ ዛጎል አሳየሁት። «ቀንድ አውጣ ነው፤ ቤቱን ከልብሱ ስር ይዞታል። ገልጠህ ሳታይ አትናገር» አልኩት። አንተ በአራት ዓመትህ፣ «አባዬ፣ ቤቱ ይበርደዋል እንዴ?» ብለህ ያሳቅከኝ ትዝ አለኝ።

አስተማሪው ሲሄድ እናትህ ከኋላዬ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ድንጋዩን ማን እንዲመልስልህ ነው?» አለችኝ። «መልሻለሁ» አልኳት። «እስቲ ና» ብላ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። አሁን ያነሳሁት ድንጋይ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ተጋድሟል። ከሱ ወዲያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ከስሩ ያለው ሁሉ ደርቋል። ሁሉም የእኔ እጅ ነው። መልሻለሁ ብዬ እምል ነበር፤ ለካ ረስቼዋለሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ሮሪው ሲጠፋ፣ መሰብሰቢያ ቤታችን ደጅ፣ በዘመድ ሁሉ ፊት፣ «ድንጋይ ገልብጦ ጥሎ የሚሄድ ልጅ የለኝም» አልኩህ። «አባዬ፣ እኔ አይደለሁም» አልክ። ውሸታም አልኩህ። አውቶቡስ ላይ ስትወጣ ዞሬ እንኳ አላየሁህም። ለአስተማሪው ያልኩት ለራሴ የሚገባ ነበር። ኢሃያ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። በመሰብሰቢያው ደጅም፣ በዚያው ዘመድ ፊት ቆሜ እናገረዋለሁ፤ አንተ ግን ቆመህ ስማኝ። እናትህ እያለቀሰች ስለሆነ ቀለሙ ቢፈስ በእሷ ነው።

ና ልጄ። ከኋላዬ እየተከተለ ድንጋዩን የሚመልስ ሰው ያስፈልገኛል፤ የእናትህ ወገብ አይችልም። ከትልቁ ድንጋይ ስር ሁለት ሮሪ አግኝተን ሳንነካቸው ድንጋዩን መልሰን ከደንናቸው። ለሁያ ናቸው።

እህትህ ሂሪያ ትስምሃለች። አክስትህ ራንጊ፣ «ያ ድምፀ መልካሙ መቼ ነው የሚዘፍንልኝ?» ትላለች። አኔታን በእኔ ስም እቀፍልኝ፤ ሁያን ግንባሯን ሳምልኝ።

ዋይፓፓ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1962

ሜሬ፣ አሁን አንብቢልኝ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ያልኩት ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን እንዳትቀንሺ።