ከወንድሜ ጠረጴዛ ላይ ስለ ተነሡት ዐሥራ አራት ዕቃዎች

ለተከበሩ የንብረት አስተዳደር ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እያልኩ በትሕትና እጠይቃለሁ። ወገብዎን እንደሚያምዎት ከጸሐፊዎ ስለ ሰማሁ፣ የሚቀመጡበት ወንበር እንዲመችዎና ከእሱም የሚያስነሣዎ ጉዳይ እንዳይገጥምዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ቤት ሁሉ ደኅና ነው፤ የጎደለን አንድ ሰውና ዐሥራ አራት ዕቃ ብቻ ነው። ሰውየውን የወሰደብን መኪና መንገድ ሲያቋርጥ ሳያየው ነው። ዕቃውን የወሰደው መኪና ግን የመሥሪያ ቤትዎ ነው፣ አድራሻችንንም አስቀድሞ ጠይቆ ነው የመጣው።

እኔ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ስሆን፣ እርስዎ ዘንድ ሰባት ዓመት ኮምፒውተር ሲጠግን የኖረው ሠራተኛ ታናሽ ወንድም ነኝ። በስሙ ባያስታውሱት፣ ማተሚያዎ ወረቀት በነከሰ ቁጥር ከምሳው ላይ ያስነሡት የነበረው ረጅሙ ልጅ ማለቴ ነው። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው፣ በእጄ ያመጣኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መዝገብ ቤት ገብተዋል ስለ ተባልኩና እዚያ የገባ ነገር በየት በር እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው ስላጣሁ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ወንድሜ ለሥራው ኮምፒውተር አንድ ሚሞሪ እንዲገዛለት ጠይቆ ዐሥራ አራት ወር ጠብቋል፤ ሳይገዛም ሞቷል። ዕቃውን ለመልቀም ግን ከቀብሩ በኋላ ዐሥራ ሁለት ቀን ብቻ በቃችሁ። መሥሪያ ቤትዎን ቀርፋፋ ነው እያሉ የሚያሙት ሰዎች ከእንግዲህ አፋቸውን ሊሰበስቡ ይገባል።

ሁለተኛ፤ ላፕቶፑ የእናንተ መሆኑን እናውቅ ነበር። እናቴ የሰው ዕቃ ቤቴ አያድርም ብላ ቻርጀሩን ጠቅልላ፣ ቦርሳው ውስጥ ከትታ በሩ አጠገብ አስቀምጣው ነበር፤ ስክሪኑን የወለወልኩትም እኔ ነኝ። የግምጃ ቤት ኃላፊዎና ሾፌሩ ሲመጡ ቦርሳውን አንሥተው መሄድ ይችሉ ነበር። ነገር ግን የተከበሩት የግምጃ ቤት ኃላፊ ትጉህ ሰው ስለሆኑ ወደ ወንድሜ ክፍል ዘለቁ።

ክፍሉን ስላላዩት ልግለጽልዎ። ጠረጴዛው ከአሮጌ ቤት የተነቀለ በር ነው፤ እጀታው በነበረበት ቀዳዳ ሽቦዎች ይወርዳሉ። በላዩ ሁለት ስክሪን ነበር፤ አንደኛው እንደማንኛውም የተጋደመ፣ ሁለተኛው ረጅም ጽሑፍ እንዲያነብበት በቁሙ የተተከለ፣ ግራ ጠርዙ ላይ ቀጭን አረንጓዴ መስመር የሚወርድበት። ኮምፒውተሩን ሰው ከጣላቸው ሦስት ኮምፒውተሮች ለቃቅሞ የገጣጠመው እሱ ራሱ ነው፤ ክዳኑ ሲገጠም ስለሚግል ጎኑ ክፍት ነበር። ኪቦርዱ ሲመታ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ስለሚጮኽ፣ እናቴ ልጇ ቤት መግባቱን የምታውቀው በእሱ ነበር። ለጎረቤት ቆሻሻ ሊመስል ይችላል። ለእሱ ግን ከእናንተ ቢሮ ከወጣ በኋላ ሰው የሚሆንበት ቦታ ነበር።

ሦስተኛ፤ እዚህ ላይ የወንድሜን ጥፋት እናዘዛለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ቁጥር በየዕቃው ላይ የሚለጥፈው እሱ ነበር። አንድ ጊዜ የተበላሸና ሊጣል የነበረ ተለጣፊ የቁጥር ወረቀት ቤት አምጥቶ፣ ያለንን ሁሉ ለቀልድ ቆጠረው። ስክሪኖቹ፣ ኪቦርዱ፣ ማውሱ፣ የጆሮ ማዳመጫው፣ የዳቦ ሣጥናችን ሳይቀር ቁጥር ወጣላቸው። የእኔ የትምህርት ቤት ቦርሳ ላይ ለጥፎ ከሥሩ «ያገለገለ፣ ጥገና የሚያስፈልገው» ብሎ ጻፈበት፤ እናቴም አንድ ሳምንት ሙሉ በዚያ ስም ጠራችኝ።

እንግዲህ የግምጃ ቤት ኃላፊዎ ቁጥሮቹን ሲያዩ ፊታቸው በራ አሉ። እናቴ የልጄ የግሉ ነው ብትላቸው፣ «እማማ፣ ቁጥር ያለበት ሁሉ የመሥሪያ ቤት ነው» አሏት። ከዚያም ቁጥሩን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እያነበቡ፣ እሷ በሩን ይዛላቸው፣ ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ ዕቃውን አወጣ። ደረሰኙ ላይ «ሣጥን፣ ፕላስቲክ፣ ክዳን ያለው፣ አንድ» የሚል ሰፍሯል፤ ዳቦው ግን ቁጥር ስላልነበረው በክብር ተመልሶልናል። እኔ ያን ዕለት ቦርሳዬን አዝዬ ትምህርት ቤት ስለነበርኩ ሳልወረስ ተርፌአለሁ። ስመለስ ያገኘሁት ጠረጴዛ በሆነው በር ላይ አቧራ ያልነካቸውን አራት ማዕዘን ቦታዎች ነው።

የመሥሪያ ቤትዎ መዝገብ በ4312 ያልቃል። የወንድሜ ቀልድ የሚጀምረው ከ9001 ነው። የእናንተ አለመሆኑን ለማወቅ ሁለቱን ቁጥር ማስተያየት ይበቃ ነበር፤ ይህንንም የግምጃ ቤት ኃላፊዎ አስተያይተውታል። ልዩነቱን ባዩ ጊዜ ግን ዕቃውን በመመለስ ፈንታ «ሳይመዘገቡ የቆዩ ንብረቶች» የሚል አዲስ ገጽ ከፈቱ፤ ምክንያት በሚለው ቦታም «በሠራተኛው ቸልተኝነት» ብለው ሞሉ። ብልህነት ነው፤ የሞተ ሰው ቅሬታ አያቀርብም።

አራተኛ፤ ዕቃዎቹ ሥራ ላይ መዋላቸውን በዓይኔ አይቼ ተጽናንቻለሁ። ባለፈው ሰኞ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ቢሮዎ ስመጣ፣ አረንጓዴ መስመር ያለበት ስክሪን በጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ እሳቸው የካርታ ጨዋታ ይጫወቱበት ነበር። ከእኔ ጋር ሲነጋገሩ እንኳ አላቋረጡትም። ቀይዋን ንግሥት ጥቁሩ ንጉሥ ላይ ማስቀመጥ ይችሉ እንደነበር ልነግራቸው ፈልጌ፣ በሰው ንብረት አይገባኝም ብዬ ተውኩት።

አምስተኛው ከሁሉ የሚበልጥብኝ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይቅር።

ከኮምፒውተሩ ጋር መዳፍ የምታህል ጥቁር ሃርድ ዲስክ ሄዳለች። ወንድሜ ሒሳብ ሲያስረዳኝ ስለምደነዝዝበት፣ «ዐሥር ጊዜ ከምለፈልፍልህ አንድ ጊዜ ልቅዳልህ፣ አንተ ድንጋይ» ብሎ ትምህርቶቹን በድምፁ ይቀዳልኝ ጀመር። ሥልሳ አንድ ቀዳ። እኔ የሰማሁት ዐሥራ ዘጠኙን ነው። የቀሩትን ያልሰማሁት ኳስ ስለነበረ፣ እንቅልፍ ስለነበረ፣ እሱም ስለነበረ ነው። ከሞተ በኋላ ደግሞ አዲሱን ለመክፈት ፈራሁ፤ ከተሰማ ያልቃላ። እናቴ ከእኩልታ አንድ ነገር አይገባትም፤ ሰባተኛውን ትምህርት ግን በእነዚያ ዐሥራ ሁለት ቀናት አራት ጊዜ ሰምታዋለች፤ መካከሉ ላይ ያስላል፣ ቀጥሎም እሷን ውኃ ይጠይቃታል።

ዲስኳ ሌላ ቅጂ የላትም። ሰውን ሁሉ ፋይላችሁን ሁለት ቦታ አስቀምጡ እያለ ሲመክር የኖረ ባለሙያ የራሱን አንድ ቦታ ነው ያስቀመጠው። አሁን የተሰበሰቡ ዲስኮች ሁሉ በያዝነው ወር በሃያ አምስተኛው ቀን ውስጣቸው ተደምስሶ እንደሚጠፉ በርዎ ላይ ተለጥፏል። የማጥፋቱ ሥራ የወንድሜ ስለነበረ ከውጭ ሰው እስኪገኝ ቀን ተገፍቶ ነበር አሉ፤ እንግዲህ ሞቶም ጥቂት ቀን ጠበቀልን።

ዲስኳን ባትመልሱልን እንኳ እዚያው ፊትዎ ተቀምጬ ትምህርቶቹን ልቅዳ፣ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው ብዬ ለመንኩዎ። እርስዎም በአባት ድምፅ፣ «የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ አይደለሁም፤ አሠራሩ ነው» ብለው ውሳኔው በደብዳቤ እንደሚደርሰን ነግረው ሸኙኝ። አሠራሩ የሚባሉትን ሰው ለማነጋገር ሦስቱንም ፎቅ ዞሬአለሁ። የሚያውቃቸው ሁሉ ይፈራቸዋል፤ ቢሯቸውን የሚያሳይ ግን አላገኘሁም።

ስድስተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ወገብዎን አስቤ ትቼዋለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለ ሰጡኝ፣ ባይሰጡኝም ሊሰጡኝ ይችሉ ስለነበረ፣ ለቤተሰባችን ላሳዩት የማይረሳ፣ በእውነትም ከቶ የማይረሳ ውለታ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

አክብሮቱን ከየት እንደሚያመጣው ግራ የገባው፣
የሠራተኛዎ ታናሽ ወንድም

ግልባጭ፦
ለመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ
አንገቱን ለደፋው ሾፌር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ልለጥፍ ስል የተባለው ደብዳቤዎ ደረሰን። የተጻፈው ለወንድሜ ነው፤ በሙሉ ስሙ፣ ከፊቱ «አቶ» ተብሎ። ዲስኳን መረከብ የሚችለው ተጠቃሚው ራሱ ብቻ ስለሆነ እስከ ሃያ አራተኛው ቀን መታወቂያውን ይዞ በአካል ቀርቦ እንዲፈርም፣ ካልቀረበ ግን እንዳልፈለጋት ተቆጥሮ እንደምትጠፋ ይነግረዋል። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። እንግዲህ አደራዎን፣ የተባለው ሰው በአካል ከቀረበ ቶሎ አያስፈርሙት። ወንበር ይስጡት፣ በሩን ይዝጉበት፣ ለእኛም ይደውሉልን። ዲስኳን ያን ጊዜ ያጥፏት።