በረት ለነበረው ቤታችን ገዢ መጣ

ለውቤ፣ ለቤቴ ራስ፤

ከተለየኸኝ እነሆ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ሰው ፊት «አንቱ» ስልህ ኖሬ ዛሬ «አንተ» ብልህ ማን ይሰማኛል? ጓዳ ውስጥ እንደምንጫወተው ልጫወትህ። አባቴ የኔታ ፊደል ያስቆጠሩኝ ዳዊት እንድደግም ነበር፤ ለሙት ደብዳቤ ትጽፋለች ብለው መች አሰቡ! እግዜር ነፍስህን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገቱን እምቢ ብሏል።

ቤቱን ልሸጥ ነበር። አትቆጣ፣ ከሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው። ልጃችን ከጎንደር በመጣ ሰው ሁሉ ትልክብኛለች፤ ብቻዬን ውሃ መሃል መቀመጤ እንቅልፍ ነሥቷታል። እውነቷን ነው። እኔ የኮሶዬ ደጋ ልጅ ነኝ፣ ውሃ የማውቀው በእንስራ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ጣናን የተሻገርኩት አንተን አምኜ እንጂ ታንኳውን አምኜ አልነበረም። እና በጥቅምት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በገብርኤል ደጅ አስነገርኩ። መሬቱ ርስት ነው፣ አይሸጥም፤ የሚሸጠው ግድግዳውና ጣሪያው ነው አልኩ። ደሴት ላይ ያለ፣ ከብት ሲያድርበት የኖረ ቤት ማን ይገዛኛል ብዬ ልቤን ጥዬ ነበር የተቀመጥኩት።

ሳምንት ሳይሞላ ገዢ መጣ።

ጥቁር ጃንጥላ የያዘ፣ ቦርሳ ያነገተ፣ ሸጋ ጎልማሳ። የዛሪማ ነጋዴ ነኝ አለ። ወይ ጉድ! ሰው ከዛሪማ ቆላ ተነሥቶ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ ጎንደርን አልፎ፣ ጣና መሃል በረት ሊገዛ ይመጣል? ምነው፣ በአገሩ በረት አለቀ? አፌን ግን ያዝኩ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ግባ አልኩት።

ያኔ ነው ያጠራጠረኝ የመጀመሪያው ነገር። በራችን ላይ ሲደርስ ጎንበስ አለ። ያን ዝቅ ያለ ጉበን ታውቀዋለህ፤ ቄሱም፣ ጭቃ ሹሙም፣ ሊያገባ የመጣው አማችህም ግንባራቸውን ሳይገጩበት የገቡበት ቀን የለም። አንተ ራስህ ስንቴ ተጋጭተህ የአባትህን ግንበኛ ረግመሃል! ይህ ሰው ግን ዓይኑን እንኳ ቀና ሳያደርግ ጎንበስ ብሎ ገባ። ይህን ቤት ያውቀዋል አልኩ በልቤ።

ሁለተኛው ነገር ዋጋው ነው። ሲከራከረኝ ልቀንስለት አስቤ አጋንኜ ጠራሁ። እሺ አለ። እሺ! በቅዳሜ ገበያ አንዲት ራስ ሽንኩርት የሚገዛ ሰው እንኳ ጥሎ ሄዶ ይመለሳል። የማይከራከር ገዢ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ከሚገዛው ዕቃ በታች ሌላ ዕቃ አይቷል። ስለ ጣሪያው አልጠየቀኝም፣ ስለ ምስጡም አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ የከብቶቹ ግርግም በየት በኩል እንደነበረ።

ግርግሙን! አንተ ደልድለህ በጭቃ ሞልተህ መደብ ያደረግህልኝን።

ውቤ፣ ያ መደብ የተሠራበት ሰሞን ትዝ ይልሃል? ጥልያን ወጥቶ ስትመለሱ የአባትህ ቤት ተቃጥሎ አመዱን ዝናብ ወስዶታል፤ የቆመው በረቱ ብቻ ነበር፣ እሱም ከብቱ ተነድቶ ባዶ። አንተ መስኮት ከፈትክለት፣ ወለሉን አስለቀልከው፣ እኔን ከኮሶዬ አምጥተህ አገባህበት። የመንደሩ ሴቶች «የበረት ሙሽራ» እያሉ ሲስቁብኝ አንተ ከእነሱ ብሰህ ትስቅ ነበር። ያልሳቀው ታላቅ ወንድምህ አያ ተገኘ ነው። የአባቴ በረት ለከብት እንጂ ለሴት አልተሠራም አለ። ከብት ተመልሶ እስኪገባበት እግሬ ይህችን ደሴት አይረግጥም፣ ብረግጥ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ ብሎ ምሎ፣ ማዶ ተሻግሮ ቀረ። እኔም ደሜ ፈላና የዚያን ሰው ስም በዚህ ቤት እንዳትጠራብኝ አልኩህ። አልጠራህም። ቀብርህ ላይ እንኳ አልቆመም፤ እሱን ነው ይቅር ያላልኩት።

ወደ ገዢው ልመለስ። ጎረቤታችን እማሆይ ሲሰሙ፣ በጥልያን ጊዜ የተቀበረ ጠመንጃ ይኖራል እንጂ ለመደብ ብሎማ ማን ይመጣል አሉኝ። ሰው አይደለሁ? ማልጄ ዶማ አነሣሁና የመደቡን ጥግ ቆፈርኩ። ያገኘሁት አንድ የበሬ ቀንድና ያቺን የጠፋችብኝን ሚዶ ነው። ሰረቀችኝ ብዬ የእኅትህን ልጅ ያስለቀስኩባትን ሚዶ! እዚያው ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። መልሼ ደፈንኩት።

ጠመንጃው ከሌለ ታዲያ ሰውዬው ምን ፈለገ? ይኼኔ ጥርጣሬዬ ወደ አንተ ዞረ። አዎ ወደ አንተ፣ አትደንግጥ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ ላጠምድ ነው ብለህ ሁለት ሰው የሚያጠግብ ዳቦ በአገልግል ይዘህ ትሄድ ነበር። ዳቦው አልቆ ትመለሳለህ፤ ዓሣ ግን የለም። ዛሬ አልነከሰም ትለኛለህ። ይህን ሁሉ ዘመን የጣና ዓሣ ቅዳሜ ይጾማል? ዳቦዬን የምትበላው ማዶ ጎርጎራ ያለች ጠላ ሻጭ ናት ብዬ ስንቱን ቅዳሜ ተቃጥያለሁ። አንድም ቀን አልጠየቅሁህም፤ ብትነግረኝስ ብዬ ፈራሁ። እና ይህ ጃንጥላ የያዘ ሰው የእሷና የአንተ ልጅ ቢሆንስ? የአባቱን ቤት ሊወስድ መጥቶ ቢሆንስ? ሁለተኛ ሲመጣ አፍንጫውን አየሁ፣ አገጩን አየሁ፣ አረማመዱን ከኋላ አየሁ። ምንህንም አላገኘሁበትም። ግን አላመንኩም።

ሦስተኛ ሲመጣ እማኞች ይዤ ልጠብቀው ቃል ነበረን። እኔ ግን ሰውዬውን ትቼ ታንኳውን አየሁ። ቀዛፊው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ጋቢውን እስከ ራሱ ተከናንቦ፣ ጀርባውን ለደሴቲቱ ሰጥቶ ውሃው ላይ ይቀመጣል። አይወርድም። ታንኳው የደንገል ሣር ነው፣ ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ እዚህ አገር ያለ ቀዛፊ ሁሉ ገና እንደደረሰ ታንኳውን ወደ ደረቅ ጎትቶ ፀሐይ ያስመታዋል። ይህ ግን ታንኳው ከሥሩ እየራሰ ቁጭ። ጠላ አስይዤ ውረድ በለው ብዬ የላክሁትን የጎረቤት ልጅ መለሰው። ጠላ እምቢ ያለ ቀዛፊ አይቼ አላውቅም።

እኔው በቅል ሞልቼ ወረድኩ። ነጠላዬን አሸርጬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ውሃ ገባሁ፤ እኔ፣ ውሃ ፈሪዋ። ዞር ሳይል እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ተቀበለኝ። ሊጠጣ ቀና ሲል ጋቢው ሸርተት አለ።

ጆሮህን አየሁት፣ ውቤ። ያ እንደ ቅጠል የተጠቀለለ ጆሮህ በሌላ ሰው ራስ ላይ። 

አያ ተገኘ ነው። ሸብቷል፣ ትከሻው ወርዷል። እኔን ሲያይ እንደ ሕፃን ሆዱ ባባ። እቴ በላይነሽ አለኝ፤ ከዚያ ሁሉን ነገረኝ። ጃንጥላ የያዘው አማቹ ነው፣ የሴት ልጁ ባል። ለጉበኑ ጎንበስ እንዲል የነገረው አያ ተገኘ ራሱ ነው። በቀብርህ ቀን ከውሃው ላይ የልቅሶ ድምፅ ሰምተን፣ መንገደኛ ዓሣ አጥማጅ አዝኖልን ነው ያልነው እሱ ነበር። የአባቱ አጥንት እንዳይወጋው ከታንኳው ሳይወርድ አልቅሶልህ ሄደ። አሁንም ሲሸጥ ቢሰማ፣ ገዝቼ አንዲት ጥጃ አስገባበታለሁ፣ ቃሌ ይፈርሳል፣ ሙት ዓመቱ ሳይደርስ የወንድሜን መቃብር ላንዴ ልየው ብሎ ነው። ለምን አልነገርከኝም ስለው፣ በምን አፌ አለኝ። ያለውን ሁሉ ሊከፍለኝ ነበር፤ ለዚህ።

 ዳገቱን ወጣሁ፣ ጉልበቴም እምቢ አላለም። ከጓሮ ላማችንን ቡሬን ፈትቼ በቀንዷ ጎተትኳት። እሷ ደግሞ እንደ ባለቤቷ ተጠራጣሪ ናት፤ በሩ ላይ አራት እግሯን ተክላ ቆመች። አማችየው ከኋላ በጃንጥላው ይገፋል፣ እኔ ከፊት እጎትታለሁ፣ እማኞቹ አበደች ብለው ያማትባሉ። ገባች! እንስራዬን ሰበረች፤ የለቀለቅሁት ወለል ላይ እንደ አባቶቿ አደረገችበት። እኔም ከደጅ ቆሜ ጮህኩ፦ «አያ ተገኘ! ከብት ገብቷል፣ ውረድ!»

አንድ እግሩን አወረደ። ቆም አለ። ሁለተኛውን አወረደ። ከዚያ ወደ ገብርኤል፣ ወደ መቃብርህ ወጣ። አልተከተልኩትም፤ ያንን ለእናንተ ለሁለታችሁ ተውኩት። ምን እንዳለህ አንተ ታውቃለህ።

ሲመለስ መደቡ ላይ አስቀምጬ አበላሁት። ዳቦውን ቆርሶ ቀመሰና፣ እንደ ቅዳሜው ነው አለ። የትኛው ቅዳሜ ስለው ነገረኝ። ለካስ መሃል ጣና ላይ ሁለቱን ታንኳ በአንድ ገመድ አስራችሁ፣ ከአንድ አገልግል ስትበሉ ነው የኖራችሁት! ውሃው ደሴት አይደለም፣ መሐላውም አይነካም ብላችሁ። እኔ ስሙን አትጥራ ስላልኩ አንተም አልጠራህ። እኔ ጠላ ሻጯን በልቤ ስረግም፣ ቤቴን አልረግጥም ያለው ሰው ዳቦዬን ሲበላ ኖሯል። ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ተናድጄብሃለሁ፣ ከልቤ። ደግሞ ከሞትክ ወዲህ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሁለቱም እውነት ነው።

ቤቱ አይሸጥም። ወንድም ለወንድሙ መቃብር መንገድ አይገዛም። ልጃችን ጋ ለክረምት እሄዳለሁ፣ በበጋ እመለሳለሁ፤ እኔ በሌለሁ ጊዜ አያ ተገኘ ይጠብቀዋል። ለሙት ዓመትህ እዚህ መደብ ላይ፣ በአንተ ቦታ ይቀመጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰው የሚያጠግብ ዳቦ ስጋግር እኖራለሁ፤ አንተን ማስታወሻዬ ይኼው ነው፣ እጄ እስኪደክም አይቀርም።

ቡሬ ግን እስከ ዛሬ እቤት ውስጥ ናት፤ ይህን ስጽፍልህ ከአጠገቤ ታመሰኳለች። አያ ተገኘ አንዴ ከገባች በቃ፣ አውጫት ይለኛል። እኔ እንደሆነ መሐላ አላምንም፤ ብትወጣ እግሩ ዳግም ቢቀርስ? ሽታው ሽታ ነው፣ ወለሉም ሄዷል፤ አላወጣትም።

የበረት ሙሽራህ፣
በላይነሽ