የአባትህን ነገር ተናገርኩ

ፋያው፣ ሰኞ ጁን 20 ቀን 2005

ለምወድህ ልጄ ለኢንሶን፣

እንዴት ከረምክልኝ? የታይዋን ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ መድኃኒቴንም ጠዋት ማታ በሰዓቱ እውጣለሁ። መቀመጥ ግን አቃተኝ። ይህን ስጽፍልህ እንኳ ሦስቴ ተነስቼ የሩዙን ችግኝ አይቼ ተመለስኩ። ምን እንደማይ እኔም አላውቅም።

ባለፈው ስትደውል፣ «እማዬ፣ የእጮኛዬ የዋንዲ ቤተሰቦች በቴሌቪዥን አይተውሽ ሰርጉን ሊያስቀሩብኝ ነው። ልጆቹን ስለ ኤች አይ ቪ ማስተማርሽን ተዪው። አባቴም በሳንባ ነው የሞተው በይ» አልከኝ። እሺ አልኩህ። ከልቤ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ በትምህርት ቤቱ ደጅ አላለፍኩም። መምህርት ቡንሲ ሁለቴ መጥታ ብትለምነኝ ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ሸኘኋት።

ረቡዕ ግን የጎረቤታችን ልጅ ካምፋ መጣች። ዐሥራ ሰባት ሞልቷታል። ደረጃው ላይ ተቀመጠችና፣

«እትዬ ቡዋካም፣ አንድ ልጅ አለ። ኮንዶም ስለው አላመንሽኝም ማለት ነው ይለኛል። ደግሞ ሲያዩት ጤነኛ ነው፣ ወፍራም ነው» አለችኝ።

«አባትሽ የእርሻ ጎሽ ሲገዛ ውፍረቱን ብቻ አይቶ ነው እንዴ?»

ሳቀች። ወዲያው ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «የእርስዎ ባለቤትስ ያኔ ያስታውቅባቸው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

ልጄ፣ ምን ልበላት? አባትህ ከባንኮክ ሥራው ሲመለስ የሩዝ ጆንያ በአንድ ትከሻው ይዞ ደረጃ የሚወጣ ሰው ነበር። በሽታው እንዳለበት ለእኔ የነገረኝ የለም። እሱም አላወቀም። «ምንም አያስታውቅም ነበር» አልኳት። የቀረውንም ሁሉ ነገርኳት።

ዓርብ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ኮንዶሙን ሙዝ ላይ ሳጠልቅ አንዱ ጎረምሳ ከኋላ፣ «አይ እማማ! በዚህ ዕድሜዎ ለማን ብለው ነው?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። «የእኔስ አልፏል። በሠላሳ ዓመቴ ልክ እንዳንተ ቀልድ የሚያውቅ ባል ነበረኝ፤ ሴንግ ይባላል» ብዬ ጀመርኩ። ስጨርስ የሚስቅ አልነበረም። ደወሉ ተደውሎ ሁሉም ሲወጡ ያ ጎረምሳ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ «ምርመራው ያማል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ቃሌን አፍርሻለሁ፤ ብትቆጣኝ አይፈረድብህም። የዋንዲ ቤተሰቦች ካፈሩብኝ በሰርጉ ቀን አክስትህ ፓን በእናት ቦታ ትቀመጥ። እኔ ከቤቴ አልወጣም፤ አላማርርም። ማስተማሩን ግን አልተውም።

አንድ ነገር ብቻ። ሁሉም ስለ እኔ ደም ሲያወራ ስለ አንተ የጠየቀ የለም። ከአገር ከወጣህ አራት ዓመት ሆነህ፤ ወጣት ነህ፣ ብቻህን ነህ። እኔም አልጠይቅህም። ዋንዲ ግን የሰው ልጅ ናት። ከሰርጉ በፊት ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱና ተመርመሩ። እሷን «እናቴ አስገድዳኝ ነው» በላት።

ነፍስ ከገላ እንዳትርቅ የሚታሰረውን ነጭ ክር በሐሳቤ በእጅህ ላይ አስሬልሃለሁ። ነፍስህ በሰው አገር ከገላህ አትኮብልልብህ። የሚወዱህን አያሳጣህ። ብትቆጣም ደውልልኝ፤ ስልኩን ከአጠገቤ አላርቀውም።

እናትህ ቡዋካም