መትረየስህ ለምን ዝም አለ

ውድ ዱጋሳ፣

አካም ጂርታ ብዬ ልጀምር አልኩና ብዕሬን መለስኩት። አፈር ለለበሰ ሰው «እንዴት ነህ» ይባላል እንዴ? ሰላምታው ይቅርና ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ተናድጄብሃለሁ። ሚስትህ ጉያቱ ትናንት ከተልተሌ ድረስ መጥታ ነገሌ ውስጥ ፈልጋ አገኘችኝ። ሠራዊቱን ከለቀቅሁ ወዲህ ባጃጅ ነው የምነዳው። ተሳፋሪ መስላኝ «ወዴት ነሽ እናቴ» ስላት «አንተ ጋ ነኝ» አለችኝ።

የመጣችው አንድ ነገር ልትጠይቀኝ ነው። የጓድ መሪያችን አስር አለቃ ገብረአምላክ አስከሬንህን ይዞ ቤታችሁ ሲሄድ «መትረየሱ ከሸፈበት፣ በዚያ መሃል ተመታ» ብሎ ነበር የነገራቸው። እኔም አብሬው ቆሜ አንገቴን ነቅንቄያለሁ። የእናንተ አገር ሰው ግን መች አርፎ ይቀመጣል! ከብት የሚያጠጡት ወንዶች «ምን ይከሽፋል፣ ፈርቶ ነው እንጂ» እያሉ ነው አሉ።

ሻይ ቤት አስገባኋት። ሻዩን አልነካችውም።

«ዲሪባ ወንድሜ» አለችኝ። «ዱጋሳ ዕረፍት ሲመጣ የእኔን መጥረቢያ እንኳ በዘይት የሚወለውል ሰው ነው። የእሱ መሣሪያ አይከሽፍም። ፈሪ እንዳልሆነም እኔ አውቃለሁ። ታዲያ ለምን ዝም አለ? በዋቃ ይዤሃለሁ፣ አትዋሸኝ።»

እስቲ አንተው ፍረድ፣ ምን ልበላት? ገብረአምላክ ያንን ወሬ ያስያዘን ለአንተ ብሎ ነበር። «ትእዛዝ ጥሶ ተኩስ አቆመ ከሚባል መሣሪያው ቢታማ ይሻላል» አለን፣ ሁላችንም እሺ አልን። ደግ ያደረግን መስሎን እኮ ነው! ለካ አንተን ለወሬ አሳልፈን ሰጥተን ኖሯል።

ነገርኳት። ከሥር ጀምሬ ነገርኳት።

በሥልጠና ላይ «የተኩስ የበላይነት» ሲሉን እኔ ጥይት ማርከፍከፍ መስሎኝ ስንት ጊዜ አፈሙዝ አቃጥዬ እንደተሰደብኩ ታውቃለህ። በኋላ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። «አንተ ጅል፣ ጥይቱ ስለበዛ አይደለም» አልከኝ። «እንዳይቋረጥ ነው። ሰውዬው አንገቱን ቀና የሚያደርገው ዝም ስትልለት ነው።» ከዚያ የአባትህን ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ አወራህልኝ፤ ወንዶቹ ከላይ እስከ ታች ተደርድረው የቆዳ ባልዲ ሲቀባበሉ፣ ሙሉው ሲወጣ ባዶው ሲወርድ፣ ዘፈኑ ከቆመ ውሃውም እንደሚቆም። ያንን ዘፈን በግድ አስጠናኸኝ። በስንኙ ግማሽ አንተ ትተኩሳለህ፣ በቀረው ግማሽ እኔ፣ አጭር አጭር አድርገን። ያንተ አፈሙዝ ሲያርፍ የእኔ ይሠራል። ጓዱ በሙሉ «ከብት አጠጪዎቹ» እያለ ሲስቅብን ከረመ፤ ውሎ አድሮ ግን ያንን ዘፈን የማያንጎራጉር አልነበረም።

ያን ቀን ከፊልቱ ወደ ዶሎ ኦዶ የእርዳታ እህል የጫኑ መኪኖች አጅበን ነበር። ደረቁ ወንዝ ጋ ስንደርስ ሽፍቶች ከድንጋያማው ጉብታ ላይ ተኩስ ከፈቱብን። የፊተኛው መኪና ጎማው ፈነዳ፣ የኋላዎቹ ተደራርበው ቆሙ። እኔ ከመኪናው ሞተር ጀርባ ተለጠፍኩ፤ አንተ በግራ በኩል ትልቁ የምስጥ ኩይሳ ሥር ገባህ። መጀመሪያ ላይ የበላዮቹ እነሱ ነበሩ፣ ምን ይደበቃል። ፊታችንን አፈር ውስጥ ቀብረን ማንም ጣቱን ቃታ ላይ ማድረስ አልቻለም። ከዚያ ያንተ መትረየስ ጀመረ። ተቀበልኩህ። መለስክልኝ። ተቀበልኩህ። የጉብታው ተኩስ እየሳሳ ሄደ፣ ፈራ ተባ እያለ መጣ። ገብረአምላክም የቀረውን ጓድ ይዞ በወንዙ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ወደ ጎናቸው መሮጥ ጀመረ። እነሱ ጉብታው ሥር እስኪደርሱ ድረስ የእኔና ያንተ ሥራ ዝም አለማለት ብቻ ነበር።

የእኔ የጥይት ሰንሰለት አለቀ። አዲሱን እስካጎርስ ተራው ያንተ ነው። ዘፈኑን በአፌ እያልኩ ጠበቅሁህ፤ ዝም አልክ። «ዱጋሳ! ያንተ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ምንም የለም። ቀና ስል አንዲት ሴትዮ አየሁ። አህያ ላይ ጀሪካን ጭና ከቁጥቋጦው ወጥታ በኩይሳህና በጉብታው መሃል፣ በአፈሙዝህ ልክ፣ ደርቃ ቆማለች። አንተ «ፊጊ! ፊጊ!» ትላታለህ፣ ሩጪ፣ ሩጪ። ድንጋጤ ጆሮዋን ደፍኖታል መሰለኝ ንቅንቅ አላለችም። ይኼኔ ከኩይሳው ጀርባ ተነሥተህ ወደ ወንዙ በእጅህ አመለከትካት።

ሮጠች። አንተ ወደቅህ።

እኔ አጉርሼ ስተኩስ ነገሩ አልቆ ነበር። በዚያች ዝምታ ውስጥ ከገብረአምላክ ጋር የሮጠው ሚክዳድም ሜዳ ላይ ጉልበቱን ተመታ፤ እስከ ዛሬ ያነክሳል፣ ስምህ ሲነሣም ፊቱን ያዞራል። አልፈርድበትም። ጉብታውን ያዝነው፣ ሽፍቶቹ ሸሹ፣ እህሉ ዶሎ ገባ። አለቆቹ ግዳጁ በድል ተጠናቀቀ አሉ። እንዲህ ያለ ድል ለጠላቴም አይስጠው!

ይኼን ሁሉ ለጉያቱ ነገርኳት። ስጨርስ፦

«ሴትዮዋ ተረፈች?» አለችኝ።

«ተርፋለች።»

«የማን ልጅ ናት?»

«አላውቅም። ወንዙን ተሻግራ ሄደች። ዞራም አላየችም።»

እኔ ሞኙ ልቧ የሚያርፍ መስሎኝ «ባልሽ ጀግና ነው፤ ሄደሽ ለነዚያ ወሬኞች ንገሪያቸው» አልኳት።

«እነግራቸዋለሁ» አለች። «አፋቸውን እዘጋዋለሁ። የእሱ ነገር በዚህ ያልቃል። የእኔስ? ከሸፈበት ስትሉኝ ብረቱን ጠላሁ። ፈራ ሲሉኝ ሰዎቹን ጠላሁ። አሁን ማንን ልጥላ? ለማያውቃት ሴት ብሎ ተነሥቶ ቆመ። ሲነሣ እኔ ትዝ አላልኩትም?»

ዱጋሳ፣ «ስምሽን ጠርቷል» ብላት ምን ነበረበት? በዚያ ቃል ዕድሜዋን ሙሉ ትኖርበት ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን ስላንተ አንዴ ዋሽተን ያመጣነውን አየሁ። «ከፊጊ ሌላ ቃል አልወጣውም» አልኳት።

ተነሣች። በባጃጄ መናኸሪያ አደረስኳት። ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ ስትቀመጥ በመስኮቱ «ናጋቲ፣ ደህና ሁኚ» አልኳት። ሰምታኛለች፣ ግን መስኮቱን ዘጋችው።

በሕልሜ እየመጣህ አጠገቤ መቀመጥህን እወደው ነበር። ከእንግዲህ ግን እኔ ጋ አትምጣ፣ በሬን ዘግቼብሃለሁ። የጠየቀችህ እሷ ናት። ተልተሌ ሂድና መልስላት።

ጓደኛህ ዲሪባ
ነገሌ ቦረና