አያቴን «የለም» ላለው ድረ ገጽ ኃላፊ

ለተከበሩ የዓይን ሕክምና ማዕከሉ የድረ ገጽ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው እላለሁ፤ በተለይ ዓይንዎ። ዓይንዎ ደህና ከሆነ እሰየው፣ ይህን ደብዳቤ ያለ ሰው እርዳታ ያነቡታል። ደህና ካልሆነ ግን አደራዎን፣ በራስዎ ድረ ገጽ ወረፋ እንዳይዙ። ድረ ገጹን የሚያሠራው ሰርቨርዎም ይህን በሚያነቡበት ሰዓት በእግሩ የቆመ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ያቋረጥኩ፣ ደሜ ቶሎ የሚፈላ፣ የአንድ ልብስ ሰፊ የልጅ ልጅ ነኝ። ትምህርት ያቋረጠች ልጅ ለኃላፊ ደብዳቤ ትጽፋለች ወይ ካሉ፣ ትጽፋለች፤ ዋናው መናደድ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። አያቴን ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖባቸዋል። አሁን የሚሰፉት በጣታቸው እየዳበሱ ነው። ባለፈው የአንድ ደንበኛ ሱሪ ሲያጠብቡ ሁለቱንም ኪስ ደፍነው ሰጡት። ሰውዬው ጨዋ ስለሆነ «ግድ የለም አባባ፣ ኪሴ ውስጥ የሚገባ ነገርም የለኝ» ብሎ ሄደ። አባባ ግን ቀኑን ሙሉ የሰፉትን ሁሉ መልሰው ሲዳብሱ ዋሉ። ከመርፌና ክር ሌላ የሚያውቁት ነገር የለማ! ለቀዶ ሕክምና እናንተ ጋ ከተመዘገቡ ወዲህ ስልኬ በጮኸ ቁጥር «እነሱ ናቸው?» ይሉኛል።

አንድ ቀን እውነትም እናንተ ሆናችሁ። ተራዎ ደርሷል፣ እስከ አርብ ማታ ድረ ገጹ ላይ ገብተው ያረጋግጡ፣ አለበለዚያ ለቀጣዩ ታካሚ ይተላለፋል የሚል መልእክት መጣ። አባባ እንደ ልጅ አጨበጨቡ። ወዲያው የምዝገባ ቁጥራቸውን አስገባሁ። ድረ ገጽዎ ብዙ አሰበ፣ ብዙ ተሽከረከረ፣ ከዚያ ኮራ ብሎ መለሰ፦ «በዚህ ቁጥር የተመዘገበ ታካሚ የለም።»

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በታላቅ ትሕትና ላቅርብ።

አንደኛ፣ ቤት ውስጥ ስላዋረዳችሁኝ አመሰግናለሁ። አክስቴ «አምጪው እስቲ! ትምህርት ጠልታ የወጣች ቁጥር የት ታውቃለች?» ብላ ስልኩን ነጠቀችኝና በአንድ ጣቷ እየቆጠረች መታችው። የለም። መነጽሯን አድርጋ መታችው። አሁንም የለም። አክስቴ ስልኩን በሁለት እጇ ስትመልስልኝ ያየሁት ያኔ ነው፤ ለዚህኛው የምሬን አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ አያቴን በቁማቸው ስለቀበራችሁልኝ። አርብም እስኪመሽ ሞከርን፣ መልሱ ያው ነው። አባባ «ተዪው ልጄ፣ ሰርዘውኛል። ለሽማግሌ ዓይን ምን ያደርግለታል ብለው ይሆናል» አሉና የስፌት መኪናቸውን በአንሶላ ሸፈኑት። አስከሬን እንደሚሸፈን። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ማልቀስ ስለማልወድ በሩን ወርውሬ ወጣሁ።

ሦስተኛው ግን ከሁሉም ይበልጣል። ቅዳሜ ጠዋት እንደው እልህ ይዞኝ ብከፍተው የአያቴ ስም ከነአባታቸው ቁጭ ብሎ አላገኘሁትም? ከሥሩ ምን ይላል፦ «ታካሚው በጊዜው ስላላረጋገጡ ተራቸው አልፏል።» እስከ አርብ ያልነበሩ ሰው ቅዳሜ ተወልደው ዘገዩ! ለማርፈድ የሚበቃ ያህል ብቻ ስለፈጠራችኋቸው ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሰኞ አባባን እጃቸውን ይዤ መስኮታችሁ ጋ መጣሁ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ልጅ ቀና እንኳ ሳይል «ሰው በዝቶ ሰርቨሩ ተጨናንቆ ነበር እኮ። እንደዛ ሲሆን ‹የለም› ነው የሚለው። ቆይታችሁ መሞከር ነበረባችሁ» አለን። «ማን ነገረን?» ስለው «ይታወቃል!» አለኝ። እኔ አላወቅኩም፣ አክስቴ አላወቀችም፣ አባባም አላወቁም። ማን እንደሚያውቅ ቢያጣሩልኝ ደስ ይለኛል፤ ምናልባት ለቀጣዩ ታካሚ ብቻ ተነግሮ ይሆናል።

ቤት ስገባ ስልኬ ላይ ፈልጌ አነበብኩ። ለካ ድረ ገጾች ሲቸግራቸው የሚመልሱት የታወቀ ቁጥር አላቸው። አራት መቶ አራት ማለት የፈለግከው ነገር የለም ነው። አምስት መቶ ሦስት ማለት ደግሞ ነገሩ አለ፣ እኔ ግን አሁን አልቻልኩም፣ ቆይተህ ና ነው። መቼ መምጣት እንዳለብህ ጭምር መንገር ይቻላል። እናንተ ታዲያ አልቻልኩም ማለት ውርደት መሰላችሁና ሰውየውን የለም አላችሁት። በዚያ ላይ መቼ እንደምንመለስ ስላልነገራችሁን እኔም፣ አክስቴም፣ የሰማ ጎረቤትም በየደቂቃው ስንነካካው ዋልን። የወደቀ ላይ መቆም ማለት ይሄ አይደል? «ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመለሱ» ቢለን እኛም አረፍ እንል ነበር፣ እሱም ትንፋሽ ይሰበስብ ነበር።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ፀጉር አስተካካይ አለ። አንድ ቀን የደንበኛውን ጭንቅላት ግማሹን ላጭቶ መብራት ድርግም አለበት። «አንተን አላውቅህም» አላለውም። «ወንድሜ፣ መብራት ሄዷል፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ ከምሳ በኋላ ስትመጣ መጀመሪያ የምጨርሰው አንተን ነው» አለና የራሱን ባርኔጣ አጥልቆለት ላከው። አግዳሚው ላይ ለተቀመጡትም ተራቸውን ነግሮ አሰናበታቸው። ሰፈሩ ሁሉ ባለ ባርኔጣውን «ግማሽ ጨረቃ» እያለ ሲስቅበት ዋለ እንጂ፣ ሰውየው ተመልሶ ሲመጣ ወንበሩ ይጠብቀው ነበር። መብራት ለሁሉም ይጠፋል፣ ሰርቨርም ለሁሉም ይወድቃል፤ በዚህ ማንም አይቀየማችሁም። እናንተ ግን ግማሹን ላጫችሁን፣ ባርኔጣ ከለከላችሁን፣ ወንበራችንን ለሌላ ሰጣችሁ።

ስለዚህ ጊዜዎን ላለመሻማት ልመናዬን ላሳጥር። ሰርቨሩ ሲያቅተው አቅቶኛል ይበል፤ አቅቶኛል ማለት የሚያዋርድ ቢሆን እኔ ከሒሳብ ክፍል በሕይወት አልወጣም ነበር። እናንተ በዘጋችሁበት ቀን የእኛ ሰዓት አይቁጠር። ያን ሳምንት «የለም» የተባለ ሰው ሁሉ ተራው ይመለስለት፤ ከኋላ ሳይሆን ከነበረበት። አያቴም ቢሆኑ የሰው ተራ አይፈልጉም፣ የራሳቸውን ነው። እየቆየ ሲሄድ የሚደፈነው ኪስ ብቻ አይሆንም፤ ሐኪማችሁ ራሱ አይዘግይ ብሎ ጽፏል።

ከብዙ አክብሮትና ከተራረፈች ትዕግሥት ጋር፣
በመዝገብዎ አንዳንድ ቀን የሚኖሩ፣ አንዳንድ ቀን የማይኖሩ ሰው የልጅ ልጅ

ማስታወሻ፦ ለአባባ ሰርቨሩ የወደቀው ሰው በዝቶበት ነው ብላቸው «ምስኪን! ብቻውን ነው እንዴ የሚሠራው?» አሉኝ። እኔ በንዴት ስንጨረጨር እሳቸው አንሶላውን ገልጠው ለእናንተ ስጦታ ሰፉ። ነጭ ጨርቅ ላይ በቀይ ክር «አሁን አልቻልንም። ስምዎ አለ። ከሰዓት በኋላ ይመለሱ፣ ተራዎ ይጠብቅዎታል» ይላል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በራችሁ ላይ አስሬዋለሁ፤ ድረ ገጹ ሲወድቅ ይስቀሉት። ፊደሎቹ ተጣመው አንዱ በአንዱ ላይ ቢወጡም አይቀየሙ። የልብስ ሰፊው ተራ አልፏል።