ቀርፋፋው አይበቃውም

ናዝሬት፣ ሚያዝያ 1981 ዓ.ም.

ይድረስ በምሥራቅ ጀርመን ለሚማረው ወንድሜ ለኃይለየሱስ፤

የሰው አገር እንዴት ይዞሃል? እኛ በናዝሬት ሙቀት እየተለበለብን፣ ክብር ለእሱ ይሁን፣ ደህና ነን።

ደብዳቤህን አንብቤ አንጀቴ አረረ። ልጄ አብተው ከላክህለት መጽሔት ዕቃ መርጦ፣ በቴሌቪዥናችን ጌም የሚያጫውት ኮምፒዩተር ልገጣጥም ነው ብሎ ቢጽፍልህ፣ «ለጀማሪ ቀርፋፋው ቺፕና ትንሹ ሚሞሪ ይበቃሃል» ትለዋለህ? ምን ነካህ? አምና የላክህለትን ትንሽ መጫወቻ በሁለት ቀን ጨርሶ «እማዬ፣ ኳስ ሜዳ ልሂድ» ሲለኝ በሩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ! አሥራ ስምንት ዓመት የሞላውን ጎረምሳ ቤት ውስጥ በምን ላስቀምጠው? በተረት?

ፈጣኑን ላክ። ሚሞሪውም ትልቁ ይሁን፤ ጨዋታው ቶሎ የሚያልቅ እንዳይሆን። ለእኔ እገዛልሻለሁ ያልከው ኮት ይቅር። ምክርህም ይቅር፤ ዕቃውን ብቻ ላክ!

ጎረቤታችን ጉዲቱ ሰላም ብላሃለች። የልጇን የጉደታን ኳስ፣ ልጆቹን የጫነው መኪና ከሄደ በኋላ፣ ሜዳው ላይ ወድቆ አግኝቼ ወስጄላት ነበር። «አንቺ ጋ ይቀመጥ፣ ሲመጣ ይወስደዋል» አለችኝ።

ኳሱ እኛ ቤት ሦስት ወር ሞላው።

በጤና ያቆይህ።

እህትህ ዘውድነሽ